የዋዜማው ካራ

የገና ዋዜማ ከቀትር በኋላ፣ የለተሥላሴ ቁሌት እሳት ላይ ሆኖ ይንተከተካል። ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲማሰል ውሎ ከበርበሬው ጋር አንድ ሆኗል፤ አሁን የሚጠብቀው ዶሮውን ብቻ ነው። ለተሥላሴ ግን ማማሰያውን እንደያዘች ልቧ ድስቱ ጋ የለም። በማድ ቤቱ በር በኩል ግቢውን ታያለች። ግቢው ውስጥ ባሏ አያ ዘውዱ ዱካ ላይ ተቀምጠው ካራ ይስላሉ።

ካራው ሞረዱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ከሙሽርነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሌላ ጊዜ ሽው፣ ሽው እያለ ሳይዛነፍ ይሄድ ነበር። ዘንድሮ ሽው ይልና ይቆማል፤ ቀጥሎ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ቅጭ ቅጭ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ሽው። ቅጭ ባለ ቁጥር ለተሥላሴ ትከሻዋን ትሰበስባለች።

አያ ዘውዱ በክረምቱ ታመው ነበር። ከአልጋው ተነሡ፤ ቀኝ እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ያዘው። ሐኪም ዘንድ ሄዱ፣ መድኃኒት ዋጡ፣ ጠበል ተጠመቁ፤ መንቀጥቀጡ ግን ወይ ፍንክች። ሰው ፊት ሲሆኑ ጋቢያቸው ውስጥ ይሸጉጡታል። ያየባቸው ሰው ካለም "ብርድ ነው፤ የጉና ንፋስ" ይላሉ። ምስኪን ጉና ተራራ! በደብረ ታቦር በእሱ ያልተሳበበ ምን አለ? የተማሪው ማርፈድ፣ የባጃጁ አልነሣም ማለት፣ አሁን ደግሞ የአያ ዘውዱ እጅ።

የሌላ ሰው እጅ ቢሆን እኮ ሰፈርተኛው ከንፈሩን መጦ ያልፈው ነበር። የአያ ዘውዱ እጅ ግን የሰፈሩ እጅ ነው። ሴት ልጅ ካራ አንሥታ ዶሮ አትባርክም፤ ወጉ ነው። ስለዚህ ባሏ የሞተባትም፣ ወንድ ልጇ ርቆ የሄደባትም፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዋን ታቅፋ ወደዚህ በር ትመጣለች። አያ ዘውዱም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ በስመ አብ ብለው፣ አንዴ ሽው ያደርጉታል። ወጡ ሲደርስ ከየቤቱ ፈረሰኛው በሳህን ተከድኖ ይመጣላቸዋል። ፈረሰኛ መቼም ከዶሮ ብልት የተከበረው፣ ለአባወራ የሚወጣው ነው። እንዲህ ስለሆነ፣ በበዓል ሰሞን የብዙ ቤት አባወራ ሆነው የሚበሉ አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጎረቤታቸው ዓለሚቱ፣ ባሏ ከሞተ የቆየች ሴት ናት፤ ቀይ ዶሮዋን አምጥታ ሰጠቻቸው። አያ ዘውዱ ባረኩ፣ ካራውን አሳለፉ፣ ወደሚቀጥለው ዶሮ ዞሩ። ቀዩ ዶሮ ግን ግማሽ አንገቱን እንደያዘ ተነሥቶ አጥሩን ዘለለ። ዓለሚቱ ተከትላ ስትሮጥ የጎርፍ ቦይ ውስጥ አገኘችው፤ የጨረሰው ካራው ሳይሆን ውኃው ነበር። እንዲህ ያለው በክት ነው፤ ክርስቲያን አይበላውም። ዓለሚቱና ለተሥላሴ ተያዩ። ቃል ሳይተነፍሱ ከአጥሩ ጀርባ ቀበሩት። ያን ዕለት ማታ የዓለሚቱ ሳህን እንደ ወትሮው መጣ፤ አያ ዘውዱም ፈረሰኛውን ግጠው ጨርሰው "የዓለሚቱ እጅ ይባረክ" አሉ። ሥጋው ከየት እንደመጣ ለተሥላሴ አልጠየቀችም። ለመጠየቅም ፈራች።

ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የላትም። ዛሬ ዶሮ አለ፣ ነገ በግ አለ፣ ከበጉ በኋላ ደግሞ ዘመድ ወዳጅ ገብቶ ከዚያው ማዕድ ይቆርሳል። እጃቸው በሰው ፊት አንድ ጊዜ ቢስት ያ ሁሉ ሰው በክት ቀመሰ ማለት ነው፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አይሄዱም። ስለዚህ ሰሞኑን በየቤቱ እየዞረች "የገናውን ዶሮ ጎረቤታችን ሞገስ ቤት ውሰዱት፤ አያ ዘውዱ ደክመዋል" ብላ ሴቶቹን መከረች። ባሕር ዳር ሞባይል የሚጠግነውን ልጇን ይሻውንም አስጠራችው።

"እንደነገርሁህ አድርግ" አለችው አሁን፣ ከማድ ቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ።

"እማየ፣ እኔ ደም ሳይ ጭው ይልብኛል።"

"ሥጋ ቤት ገብተህ ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ ጭው አይልብህም?"

"እሱ እኮ ሙቶ ነው የሚመጣ!"

"ይሻው!"

"እሺ፣ እሺ። ምን ልበላቸው?"

"ልማር በላቸው። ይህን ያህል ጎረምሳ ሁኘ ዶሮ አልባርክም ማለት ነውር ነው በላቸው። ስለ እጃቸው ትንፍሽ እንዳትል።"

ይሻው ነጭ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ እየረገጠ ወጣ። አባቱ ፊት ሲደርስ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፤ ፈተና የወደቀ ተማሪ ይመስላል።

"አባየ፣ ዘንድሮ እኔ ብባርከውስ?"

አያ ዘውዱ ካራውን ከሞረዱ ላይ አነሡ። "ማን አስተምሮህ?"

"አንቱ ያስተምሩኛላ።"

"መጀመሪያ ሚስት አግባ። ወንደላጤ የባረከው ዶሮ ወጥ አይሆንም።" ሊስቁ ሲሉ ፊታቸው ተቀየረ። ወደ ማድ ቤቱ በር አዩ። "እናትህ ናት የላከችህ?"

"ኧረ አይደለም!"

"በል ሂድና ሽንኩርት አማስል።"

ይሻው ተመልሶ ገባ። እናቱ ማማሰያውን በእጁ አስጨበጠችውና ራሷ ወጣች። አያ ዘውዱ አሁን በሩን እያዩ ነው። በዚህ ሰዓት በሌላው በዓል ሴቶቹ ተሰልፈው፣ ዶሮው እየጮኸ፣ ግቢው ገበያ ይመስል ነበር። ዛሬ ዝር ያለ የለም።

"ሴቶቹ የት ገቡ?"

"ገበያ ውለው ይሆናል።"

"ሁሉም?"

"የዋዜማ ገበያ አያውቁም? ግፊያው!"

የዋዜማ ገበያ እስከዚህ ሰዓት እንደማይቆይ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ቀኝ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ለተሥላሴ አየች፤ አይታም እንዳላየች ሆነች። ይህን ጨዋታ ሁለቱም ከመስከረም ጀምረው ተክነውበታል።

ልክ በዚህ መካከል ዓለሚቱ በበሩ ፊት አለፈች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች፤ አንገቷን ወደ ወዲያ ማዶ አዙራ በጥድፊያ ትራመዳለች። ከነጠላው ሥር ግን የዶሮ ጭራ ወጥቷል።

"ዓለሚቱ!" አሉ አያ ዘውዱ።

ዓለሚቱ ደንግጣ ቆመች። "አቤት አያ ዘውዱ! እንደምን ዋላችሁ?"

"ነጠላሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ምንም።"

ዶሮው "ቋቅ!" አለ።

"ምንም እንዲህ ይጮሃል?"

"እ... ዶሮ ነው። ሞገስ ቤት... ማለቴ የሞገስ ሚስት ግዥልኝ ብላኝ..."

"በዋዜማ? ለፍስኩ ምን ልትበይ ነው ታዲያ? ሽሮ? ነይ ወዲህ አምጭው።"

ዓለሚቱ ለተሥላሴን አየቻት። ለተሥላሴ አትስጭው በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ግን ምን ይደረጋል? በሰው በር ላይ ቆሞ፣ ዶሮ ታቅፎ፣ አባወራው እየጠራ አልሰጥም አይባል ነገር። ዓለሚቱ እግሯን እየጎተተች ገባች።

አያ ዘውዱ ካራውን ይዘው ተነሡ። ዶሮውን ከእቅፏ ተቀብለው መሬት ላይ አስተኙት፤ ክንፉንና እግሩን በእግራቸው ረገጡ፤ አንገቱን በግራ እጃቸው ሳቡ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መለሱ። ቀኝ እጃቸው ካራውን እንደያዘ ከጋቢው ውስጥ ወጣ።

ለተሥላሴ ባታየው ትወድ ነበር። የካራው ጫፍ እንደ እርግብ አንገት ይወዛወዛል። አንዴ ዶሮው አንገት ላይ ነው፤ አንዴ በገዛ አውራ ጣታቸው ላይ ነው። ይሻው ማማሰያውን እንደያዘ በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ዓለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላለች።

"በስመ አብ ወወልድ..." አሉ አያ ዘውዱ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ሙሉና የረጋ። ካራው ወረደ፣ ላባውን ነካ፣ ሸሸ። እንደገና ወረደ። "ወመንፈስ ቅዱስ..."

"ይተዉት!" ብላ ጮኸች ለተሥላሴ።

አያ ዘውዱ ቀና አሉ። በዚህ ቤት በባራኪ ላይ የጮኸ ሰው ኖሮ አያውቅም።

"ምን ሆንሽ?"

"አይባርኩት። የእንቁጣጣሹ ዶሮ አልተበላም። ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው የሞተ። እኔና ዓለሚቱ ቀበርነው።"

ቁሌቱ ብቻ ማድ ቤት ውስጥ ይንተከተካል፤ ደግሞ ማረር ጀምሯል፤ ሽታው ይወጣል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም።

"እውነት ነው ዓለሚቱ?"

"ውኃው ነው የጨረሰው አያ ዘውዱ። ካራውማ... ካራውማ ትንሽ ነው የቀረው።"

"ሴቶቹስ ዛሬ?"

"እኔ ነኝ ሞገስ ቤት ሂዱ ያልኋቸው" አለች ለተሥላሴ።

"ልጁስ?"

"እሱንም እኔ ነኝ።"

አያ ዘውዱ ዶሮውን እንደረገጡ ቆሙ። ለተሥላሴ ይጮሃሉ፣ ካራውን ይወረውራሉ፣ ጋቢያቸውን አንሥተው ይወጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። የጠበቀችውን ሁሉ ቢያደርጉት በወደደች። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲያ ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ፣ ጋቢ ውስጥ ስደብቅ የኖርሁት ከራሴ ነዋ" አሉ።

ለተሥላሴ በዓሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ አለቀ ብላ አሰበች፤ ነገ ማዕዱ ቢዘረጋም እጃቸውን አይሰዱም፤ እሳቸው ካልጀመሩ ደግሞ ማን ይጀምራል?

አያ ዘውዱ ድንገት አንገታቸውን ወደ ዓለሚቱ መለሱ።

"ቆይ እስቲ። ያን ዕለት ማታ ፈረሰኛ ልከሽልኛል።"

"ልኬ ነበር።"

"ዶሮው ከተቀበረ የበላሁት የማንን ነው?"

ዓለሚቱ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ጫረች።

"ተናገሪ እንጅ!"

"የራሴን ነዋ! ጥቁሯን።"

"የምትጥለዋን?"

"እሷኑ። በጓሮ ወጥቼ ሞገስን አስባረክኋት።"

"ለምን?"

"እንዴት ለምን ይሉኛል! ሳህኑ ሳይመጣ ቢቀር ዝም ሊሉ ነው? ዓለሚቱ ምነው ረሳችኝ ብለው እስከ መስቀል ሊያኮርፉኝ ነው። ሲያኮርፉ ደግሞ አውቅዎታለሁ፤ የእግዜር ሰላምታም ይነፍጉኛል።"

ለተሥላሴ አፏን ይዛ ቀረች። ጥቁሯ ዶሮ በየዕለቱ የምትጥል፣ ዓለሚቱ እንቁላሏን ሸጣ ጨውና ዘይቷን የምትገዛባት ነበረች። ጠፋች፣ ጅብ ይሁን ሸለምጥማጥ ወሰዳት ብላ ነበር ለሰው የተናገረችው።

አያ ዘውዱ ቀኝ እጃቸውን አዩት። ወደ ጋቢው አልመለሱትም። በሰው ሁሉ ፊት እየተንቀጠቀጠ ቆየ፤ ማንም ወደ ሌላ ቦታ ለማየት አልደፈረም። ከዚያ እግራቸውን ከዶሮው ላይ አነሡና ዓለሚቱን አስያዟት።

"ይሻው!"

"አቤት አባየ!"

"ማማሰያውን ጣል። ያን የሙሽራ ጫማም አውልቅ። ና ወዲህ።"

ይሻው በባዶ እግሩ መጣ። አያ ዘውዱ ካራውን በእጀታው በኩል ዘረጉለት። ይሻው እባብ እንደሚቀበል ሰው ተቀበለው። አያ ዘውዱ ደግሞ ወደ ዓለሚቱ ሊዞሩ ሲሉ፣ ዓለሚቱ ዶሮዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ኧረ በመድኃኔዓለም! በእኔ ዶሮ ነው እንዴ የሚማረው? አንዱ ቦይ ገባ፣ አንዷ ሳህን ገባች፤ እኔ ምን ዕዳ አለብኝ? መጀመሪያ በቤታችሁ ዶሮ ይማር!"

"እውነቷን ነው" አሉ አያ ዘውዱ። "የእኛን አምጭ ለተ።"

ለተሥላሴ ነጩን ዶሮ ከቆጡ አውርዳ አመጣች። አያ ዘውዱ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉና ተንበረከኩ። ክንፉንና እግሩን በሁለት እጃቸው አንድ ላይ ያዙ። ዶሮው ይፍጨረጨራል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያንቀጠቅጥ አይለይም። ዶሮው ግን ከእጃቸው አልወጣም።

"አንገቱን ሳብ። ወደ ራስህ አይደለም፤ ወደ ላይ። ወደ ምሥራቅ ዙር። ምሥራቅ በየት በኩል ነው?"

"በዚህ።"

"እሱማ ባሕር ዳር ነው!"

ዓለሚቱ ሳቋ አመለጣት። ይሻው ዞረ። ፊቱ የጤፍ ሊጥ መስሏል።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለ፤ አባቱ ቀስ ብለው ከሥር ይከተሉታል፤ "አሐዱ አምላክ አሜን።"

"አባየ..."

"ዓይንህን ግለጥ!"

ገለጠ። ካራው አለፈ። ዶሮው በአያ ዘውዱ እጅ ውስጥ ተወራጨ፣ ተወራጨ፣ ከዚያ ረጋ። እሳቸው ቶሎ አለቀቁትም፤ መሞቱን ሳያረጋግጡ ለማንም እንደማይሰጡት ከአያያዛቸው ያስታውቃል። ይሻው ካራውን ጥሎ አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ዓለሚቱም በነጠላዋ ጫፍ ታራግበው ጀመር።

ለተሥላሴ ዶሮውን ልትቀበል ጎንበስ አለች። አያ ዘውዱ እንደተንበረከኩ ነበሩ፤ ፊታቸው ገና አልፈታም፤ ወደ እሷም አላዩም።

"በበዓል አልጣላሽም" አሉ ዶሮውን እያቀበሏት። "ግን ሁለተኛ ስለ እጄ ሸንጎ ስትቀመጡ፣ እኔንም ጥሩኝ።"