የግራኟ ሰፌድ

ንጋቷ የአንገት ጌጡን ጠርዝ ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለች ታሻሽ ነበር። ጌጡ ከቆርኪ ትንሽ ሰፋ ይላል። መደቡ ነጭ ነው፤ ከመሃሉ የሚነሱ ቀይ መስመሮች ጎበጥ እያሉ ወደ ቀኝ ዞረው ጠርዙ ላይ ያልቃሉ። የሰፌድ መልክ ነው።

የምትሠራው በክሌይ ነው። ክሌይ እንደ ሊጥ ይታሻል፣ በኦቭን ሲጋገር ይጠነክራል። ሥዕሉን በላዩ ላይ አትስልም። ቀለማቱን በቁመት አደራርባ አንድ ወፍራም ጥቅል ታደርጋቸውና በመዳፏ እያንከባለለች ታቀጥነዋለች። ጥቅሉ ሲቀጥን በውስጡ ያለው ሥዕል አብሮት ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ይህን ጥቅል አገዳ ትለዋለች። በምላጭ በቆረጠችው ቁጥር ያው ሥዕል ይወጣል።

የሰፌዱን መልክ ያዘዟት እትዬ በሰለች ናቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ህሊና እሑድ እነዋሪ ትዳራለች። በቤታቸው ወግ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ቤት አንድ ስፌት ይዛ ትወጣለች፤ የእሳቸው እናት የሰፉት ሰፌድ ግን ከቤቱ ጋር እዚያው ቀርቷል። ፎቶ እንኳ የለውም። ስለዚህ መልኩ ቢያንስ በልጅቷ አንገት ላይ እንዲሆን ፈለጉ። ቀለሙን፣ የመስመሮቹን ብዛት፣ የእምብርቱን ስፋት ነገሯት። ንጋቷም እንደተነገራት ሠራች።

እናትና ልጅ አብረው መጡ። በማግስቱ ማለዳ ወደ እነዋሪ ይሳፈራሉ። ህሊና ጌጡን አንገቷ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ወዳለችው መስታወት ሄደች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

እትዬ በሰለች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያምራል» አሉ።

«እማዬ ደግሞ» አለች ህሊና፣ «እንዲህ ዝቅ አድርገሽ ያምራል የምትዪው እኮ መልከ ጥፉ ሕፃን ስታዪ ነው።»

«ያምራል አልኩ። የእናቴ ግን አይደለም።»

ንጋቷ ቀዩ ደምቆ እንደሆነ ጠየቀች። አልደመቀም። መስመሮቹም ልክ ናቸው። እትዬ በሰለች ጌጡን ከልጃቸው አንገት ሳያወልቁ በጣታቸው ተከተሉትና ዙሩ ላይ ቆሙ። እናታቸው ግራኝ ነበሩ። ምግብ በቀኝ እንዲበሉ ተገርፈው ለምደዋል፤ ወስፌውን ግን ማንም ከግራ እጃቸው አላስጣለም። ሰፌዳቸው ወደ ግራ ነበር የሚዞረው። ለድግስ ከየቤቱ የተሰበሰበው የሰፌድ ክምር ሲመለስ የእሳቸው ሳይፈለግ ይገኝ ነበር። ጎረቤቶቹም የግራኟ ሰፌድ ሲያበጥሩበት እብቁን ወደ ዓይን ይመልሳል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ይህን ሲያዝዙ አልነገሯትም። በመንደራቸው የማያውቀው ሰው ስላልነበረ የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም።

ህሊና እናቷ ራሳቸው እንዲሰፉላት ስትለምን እንደከረመች ለንጋቷ ነገረቻት። እትዬ በሰለች ራሳቸውን ነቀነቁ። ስፌት ያውቃሉ፤ ግን የሚሰፉት በቀኝ ነው።

ንጋቷ ኦቭኑን አየች። የተጋገረ ነገር አይመለስም፤ ጌጡ ቢገለበጥም ጀርባው በጥቁር ክሌይ ተሸፍኗል። የተረፈውን አገዳ ከሌሎች ቀለማት ጋር ለውሳ የዶቃ ውስጥ አድርጋዋለች። ቀዩ ክሌይ አልቋል፤ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰርጉ ያልፋል። ይህን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ እትዬ በሰለች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «እነዋሪ ማን ያውቀዋል? እኔው ነኝ የማውቀው። እዚህ መጥቼ እንኳ ሰው ቤት ሰፌድ ሳይ እገለብጠዋለሁ። ከሥሩ ሲያዩት የእሷን ይመስላል።»

ንጋቷ ሳህኑን ለማንሳት የዘረጋችው እጅ ቆመ።

«እትዬ፣ አንዴ ይቀመጡ።»

የቁርጥራጭ ቆርቆሮዋን አወጣች። የአገዳ ጫፍ ሲንከባለል ሥዕሉ ስለሚጣመም ሁልጊዜ ቆርጣ እዚያ ትጥለዋለች። የሰፌዱ አገዳ ጫፍ በርዝመቱ የአውራ ጣት አንጓ ያህል ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሳ ድርቅ ብሏል። እንዲህ እንዳለ ቢቆረጥ ይሰነጠቃል። ለእትዬ በሰለች እንዲያሞቁት ሰጠቻቸው፤ ብብታቸው ውስጥ ያዙት። ህሊና፣ እናቷ ዕንቁላል እንደምትታቀፍ ዶሮ ሆነች ብላ ሳቀች። ከዚያ በጣም እንዳይለሰልስ ንጋቷ በሩ ደፍ ላይ ንፋስ አስመታችው።

የመጀመሪያው ቁራጭ ተጣሞ ወጣ። ሁለተኛው እምብርቱ ተንሸራቷል። ሦስተኛው ላይ ነጩ ንጹሕ ነበር፤ መስመሮቹም ቅርጻቸውን አልሳቱም፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚቆረጥ አልቀረም። ንጋቷ ቁራጩን በምላጩ ጠፍጣፋ አንስታ በወረቀት ላይ ገለበጠችው። በአገዳ ውስጥ ቀዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚያልፍ በሁለቱም ገጽ እኩል ይታያል። መስመሮቹ ከእምብርቱ ተነስተው ወደ ግራ ዞሩ።

ወረቀቱን ወደ እትዬ በሰለች አስጠጋች።

እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት። ግራ እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው፣ ክሌዩን ሳይነኩ፣ ጣታቸውን በላዩ አዞሩት። ግራው እንዳልለመደ ያስታውቃል፤ ግን ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ደረሱ።

«እሷ ናት» አሉ።

ንጋቷ ጥቁሩን ጀርባ ለጠፈች፣ የክሩን ቀዳዳ በመርፌ ወጋች፣ ኦቭን ውስጥ ከተተችው። እስኪወጣ ድረስ እትዬ በሰለች ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ሰርጉ ድንኳንና እነዋሪ ስላሉት አማት ከልጃቸው ጋር ሲከራከሩ ይሰማ ነበር። ጌጡ ሲቀዘቅዝ አንድ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎርበጥ ብሏል። ንጋቷ ልታሻሸው ስትል እትዬ በሰለች አይሆንም አሉ፤ የእናታቸውም መጨረሻው ላይ እንዲሁ ይጎረብጥ ነበር።

ህሊና የመጀመሪያውንም ጌጥ አልለቀቀችውም። «ይሄ ቀኙ ለአማቴ ይሁን» አለች። «እብቁ ዓይናቸው ውስጥ አይገባም።»

ከሄዱ በኋላ ንጋቷ የተጣመሙትን ሁለት ቁራጮች አንድ ላይ አድርጋ አየች፤ አልለወሰቻቸውም። በላስቲክ ጠቅልላ ቆርቆሮው ውስጥ ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው። ምላጩን ጠረገች፣ በወረቀቱ ሸፈነችው፣ የቆርቆሮውን ክዳን ገጥማ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።