የወፎቹ ድርሻ

ማንሶክ የአንጎሉን ምስል በአንዲት ሐኪም ኮምፒውተር ላይ ሲያይ፣ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የሳቀው በግራ በኩል ብቻ ነበር፤ ቀኙ ገና አልታዘዘለትም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ወደ አንጎሉ የሚሄድ የደም ስር ተዘግቶ በወደቀ ማግስት፣ ኤምአርአይ ሲነሳ ለውዝ የሚያህል ነጭ ነገር ታይቶ ነበር። አሁን ቦታው ከዙሪያው የማይለይ ግራጫ ሆኗል።

«የታለ? ጠፋ እኮ!» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ቡንርዬ፣ አየሽ? በይ መሰላሉን አውጪልኝ!»

ያለ ነገር አልነበረም መሰላል ያለው። በከተማቸው በሳንግጁ ጋም የሚባለው ቲማቲም መሳይ የዛፍ ፍሬ የሚለቀምበት ጊዜ ደርሷል። ጓሯቸው ያለው ዛፍ ፍሬው ቀልቶ ቅርንጫፉን አጎብጦታል፤ ተለቅሞ፣ ተልጦ፣ በክር ተንጠልጥሎ መድረቅ አለበት። እዚያ ዛፍ ላይ ከማንሶክ በቀር ወጥቶ የሚያውቅ የለም።

እሱ ኮቱን ሊለብስ ሲወጣ፣ ወጣቷ ሐኪም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ቁስሉ አልጠፋም። በዚህ ሰሞን ጭጋግ እንደ ለበሰ ነው። እብጠቱ ሲጎድል፣ የሞተውን የሚያጸዱ ሕዋሳት ሲገቡበት፣ ለጊዜው ጤነኛ ይመስላል። ከወራት በኋላ ስናነሳው ተመልሶ ይታያል። ያኔ ግን አንሶና ተኮማትሮ ነው፤ መሃሉም ትንሽ ጉድጓድ ይሆናል።»

«እጁስ?»

«የእጃቸውን ነገር ምስሉ አይነግረንም። የተረፈው አንጎል እንዲለምድ ማሠራት ነው። ዛፍ ላይ ግን እንዳይወጡ። እኔ ልንገራቸው?»

«ተይው ልጄ፣ እኔው እነግረዋለሁ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ግን አልሆነላትም። ያ ግማሽ ሳቅ ገና ፊቱ ላይ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ኮቱን ሳያወልቅ መሰላሉን በግራ እጁ ጎትቶ ዛፉ ላይ አስደገፈ። ግራ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፎ በቀኝ እጁ እርከኑን ሊጨብጥ ሞከረ። ጣቶቹ አልታጠፉም። ቡንርዬ የኮቱን ጫፍ ያዘች።

«ውረድ፣ የጁንሆ አባት» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምስሉን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። አልጠፋም፣ ተሸፍኖ ነው።» ኮቱን ሳትለቅ ሐኪሟ ያለቻትን ሁሉ ነገረችው።

ማንሶክ ግንባሩን እርከኑ ላይ አስደገፈ።

«ተመልሶ ይታያል?»

«ይታያል። ግን ጋም ሲደርቅ እንደሚኮማተር፣ ተኮማትሮ።»

«ጋምስ ሲደርቅ ይጣፍጣል።»

«አንተ መቼም ጣፍጠህ አታውቅ» አለች፤ ኮቱን ግን አልለቀቀችም።

ቀስ ብሎ እግሩን ወደ መሬት መለሰ።

«የላዩን ማን ሊለቅመው ነው?»

«ወፎቹ።»

«ሁሉንም?» አለ፤ ከበሽታው የባሰ መርዶ የሰማ ይመስል ነበር። በአገሩ ልማድ ከዛፉ አናት ጥቂት ፍሬ ለብርዱ ወራት ለወፎች ይተዋል። ማንሶክ ግን ከሦስት አስበልጦ ትቶ ስለማያውቅ፣ ጎረቤቶቹ «የማንሶክ ወፎች ጾመኞች ናቸው» ይሉት ነበር።

ቡንርዬ በረጅም ዘንግ የደረሰችበትን ያህል ለቀመች። እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፍሬውን በቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተጭኖ በግራው ይልጣል። ፍሬው አምልጦት ይንከባለላል፤ እሷም አንስታ ትመልስለታለች።

አንድ ጠዋት ወፎቹ የዛፉን አናት ወረሩት። ማንሶክ ቢላውን አስቀምጦ ሽቅብ አየ።

«ያቺን ትልቋን ነበር እኮ እኔ የምፈልጋት! ብላት፣ አንተ ሆዳም!»

በቀኝ እጁ የያዘው ፍሬ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ በጣቶቹ መሃል ተይዞ ቀርቷል። እሱ አላስተዋለም። ቡንርዬ አየች፤ እንዳይወድቅ ፈርታ ትንፋሿን ዋጠች።