ከሆቴል የወረደው ዋይፋይ

በሕንፃችን ዑቕባይን የማይወድ ሰው የለም፤ ከእኔ በቀር። የካ አባዶ ከገባን ጀምሮ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን የሚያበድረው እሱ፣ ስብሰባ ላይ የሚጨበጨብለት እሱ። ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። ልጄን ሲወስድብኝ ግን አልቻልኩም።

ሀጀር ስምንተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳሎን ትወረውርና «ጋሽ ዑቕባይ ቤት ነኝ» ብላ ትወጣለች። እሱና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። ለምን ስላት መልሷ አንድ ነው፦ የእኛ ዋይፋይ መኝታ ቤት አይደርስም፣ ቪዲዮው ይቆምባታል፣ የእነሱ ግን ፈጣን ነው። እራት ላይም ወሬዋ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ «እርስዎ» ትለው ነበር። አሁን እንደ እኔ፣ እንደ አባቷ፣ «አንተ» ትለዋለች። ይህን የሰማሁ ቀን እራቴን ትቼ ተነሳሁ።

ችግሩ ዋይፋይ ከሆነ ዋይፋይ አመጣለሁ አልኩ። መገናኛ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። ከጎኔ ያለው ነጋዴ ቦሌ ካለ አንድ ሆቴል የወረዱ ዕቃዎች ነበሩት፤ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል፣ ሰሃን የመሰለ ነጭ ዋይፋይ። ስንት እንግዳ ያስተናገደ ዕቃ አንዲት ልጅ ታቅተዋለች? ገዛሁት።

ቅዳሜ ድሪል ተውሼ ጣሪያውን በሳሁ። ሰሃኑን ሰቅዬ ኬብሉን ከቤታችን ራውተር ጋር አገናኘሁ። አልበራም። ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ቦታ ብፈልግ፣ የለውም። ሀጀር ከታች ሆና ትንሽ አየችኝና ወጣች። ማንን ይዛ እንደተመለሰች መናገር አያስፈልገኝም።

«ሙነወር ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መብራቱንም የሚያገኘው በዚሁ በኬብሉ ነው» አለ ዑቕባይ። «የቤት ራውተር ደግሞ መብራት አይልክለትም። መሃል የምትገባ ትንሽ ሳጥን አለች። እኔ ጋ ሳትኖር አትቀርም።»

አለችው! ይሄ ሰውዬ ምን የሌለው ነገር አለ? ሳጥኗን ሶኬት ላይ ሰክቶ ኬብሉን በእሷ በኩል ሲያሳልፈው ሰሃኑ በራ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥቶ የሆቴሉን ሴቲንግ አጠፋና በስልኬ እንደ አዲስ ሞላው። እኔ በገዛ ቤቴ መሰላል ያዝኩለት።

ሚስቴ ፈዲላ «ምሳ ሳትበላ አትወጣም» ብላ ያዘችው። ሥጋችን ስለማይገናኝ ሽሮ ሠራችለት። እንዲህ ያለ ሽሮ ለእኔ ሠርታልኝ አታውቅም። ሀጀር ወጥ እየደጋገመች ጨመረችለት፤ እኔን ያየኝ የለም። ይሁን አልኩ፣ ከእንግዲህ ልጄ ቤቷ ትውላለች።

ሰኞ ሱቄን ቶሎ ዘግቼ ገባሁ። ሳሎን ውስጥ ቦርሳዋ ብቻ ነው ያለው። ደወልኩላት።

«አባ! ዋይፋያችን ጋሽ ዑቕባይ ቤት ድረስ ይደርሳል! በእኛው ነው እያጠናሁ ያለሁት፤ እሱ ራሱ ገረመው!»

«ታዲያ ቤትሽ ሆነሽ አታጠኚም?»

«እመጣለሁ እሺ» ብላ ዘጋችው።

አልመጣችም። በሆቴል ዕቃ፣ በእኔው ገንዘብ፣ ለእሱ ቤት ዋይፋይ አስገባሁለት! ሳጥኗን ከሶኬት ነቀልኳት። ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ለካ የእሱ ዋይፋይም አለ። ቅናት ሰው ያደርጋል? ደረጃውን ወርጄ የቆጣሪዎቹን ሳጥን ከፈትኩና የእሱን ቆጣሪ አጠፋሁት። እየመሸ ስለነበር ቤቱ ወዲያው እንደሚጨልም አውቃለሁ። አሁን ምን ይዛ ትቀመጣለች ብዬ እየሮጥኩ ወጥቼ ደጁ ላይ ቆምኩ።

በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ ሚስቱ ስትስቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የልጄ ድምፅ መጣ።

«ሻማውን ተወው፣ ጋሽ ዑቕባይ። ታሪኩን እንዲሁ በጨለማው ጨርስልኝ። ከዚያስ ምን ሆነ?»

እሱም ቀጠለ። እኔም ምን እንደሆነ ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።