ሰኪና ካልመጣች

እድላዊትና ሱፍያን የሺሐረግን ለመለመን ሦስት ጊዜ ቤቷ ተመላልሰዋል። አቃቂ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ናቸው። ክበባቸው በየወሩ አንድ የሰፈር ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እየጋበዘ ሊያናግር አስቦ፣ ለመጀመሪያው ቀን የመረጠው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣችውን የሺሐረግን ነው።

«ሃያ ደቂቃ ብቻ ይናገሩልን፣ እማማ» አለች እድላዊት።

«ብቻዬን አልቆምም። ሰኪና ካልመጣች አፌም አይከፈት።»

ሰኪና በሽመና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊቷ የቆመች ጓደኛዋ ናት። እዚያ ክፍል የመኪናው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፤ ስለዚህ ሠራተኛው የሚያወራው በእጁ ነበር። ኮሌታ ነካ ማድረግ «ካቦው መጣ፣ አለቃ መጣ» ማለት ነው። ሁለት ጣት አጣምሮ ወደ በሩ መቀሰር ደግሞ «ስንወጣ ጠብቂኝ»። ሐሜት ሲሆን ሁለቱም እጅ ሥራ ይፈታል፤ ስንቱን ሰው በጣታቸው ቦጭቀውታል። የሺሐረግ ያን ዘመን ስታስበው ድካሙ ትዝ አይላትም፤ የሚናፍቃት ሳቁ ነው።

ሰፈሯ ፈርሶ ሰኪና ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት። የየሺሐረግ ጉልበት ደረጃ አይወጣም። በስልክ እንዳያወሩ የሰኪና ጆሮ እያደር ጭራሽ አልሰማ አለ። አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ተጠፋፉ።

ሱፍያን ገላን ሄዶ ሰኪናን አገኛት፤ ይዞት የመጣው መልስ ግን ደስ አይልም።

«‹ጆሮዬ አልቋል፣ መጥቼ ምን እሰማለሁ?› ነው የሚሉት፣ እማማ» አለ አቀርቅሮ።

የሺሐረግን ሆድ ባሳት። ይቅርብኝ እንዳትል ልጆቹ ማስታወቂያውን በየሱቁ በር ለጥፈውታል። ቅዳሜ ጠዋት እየከበዳት ሄደች።

የፋብሪካ ሰው ድምፁን መመጠን መቼ ያውቃል። ማይክሮፎኑን ጨብጣ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ፊት የተቀመጡት ጆሯቸውን ያዙ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። ስለ ፈረቃው አንድ ሁለት ነገር ብቻ ተናገረች። ሰኪና ብትኖር ኖሮ ታስታውሳት ነበር። ልትቀመጥ ዞር ስትል የኋላው በር ተከፈተና ሱፍያን አንዲት ሴት በክንዱ ደግፎ ገባ። ለካ በማለዳ ገላን ተመልሶ፣ «እርስዎ ካልመጡ አይናገሩም» የሚል ጽፎ አሳይቷት ኖሯል።

ሰኪና አርጅታለች። ጣቶቿ ግን አላረጁም፤ ከበሩ ሳትርቅ እጇን አነሳች። የሺሐረግ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ በእጇ መለሰችላት።

«ምን እያሉ ነው፣ እማማ?» አለች እድላዊት።

«ዛሬም አረፈድሽ አልኳት። ድሮም ታረፍዳለች፤ መኪናዋን አስነስቼ የምጠብቃት እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ ወዲያ ወሬው ራሱ መጣ። የኮሌታውን ነገር ነገረቻቸው፣ ሐሜቱን ነገረቻቸው፤ እጇ ያወራል፣ አፏ ያስተረጉማል፤ የሳተችውን ሰኪና ከኋላ ታርማታለች። መሀል ላይ ርእሰ መምህሩ ዘግይተው ሲገቡ ሰኪና ኮሌታዋን ነካ አደረገች። የሺሐረግ ሳታስበው ክው ብላ ለሰዉ ጀርባዋን ሰጠችና ጠረጴዛውን እንደ ሽመና መኪናዋ ትዳብስ ጀመር። ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ምን እያደረገች እንደሆነ ሲገባት እሷም አብራ ሳቀች።

ሲያበቃ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ወላጆች ከበቧት። በሰው ትከሻ መሀል የሰኪና ሁለት ጣት ተጣምሮ ወደ በሩ ሲቀሰር አየች። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም። የሺሐረግ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ሰዉን ይቅርታ እየጠየቀች ወጣች፤ በሩ ጋ ቆማም ጠበቀቻት።