ከምሰሶው ሥር

ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ያለው የእነ ብርነሽ አሮጌ ፎቅ ቤት፣ የላይኛው ክፍሉ ከታችኛው ግድግዳ አልፎ ወደ መንገዱ ወጥቷል። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚዎች ከግድግዳው ይወጡና ጫፋቸው ሁለት የጥድ ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። የጥንቱ ባለቤት ክረምት ሳይገባ ምሰሶዎቹን የተቃጠለ ዘይት ያስቀባቸው ነበር። ቤቱ ተወርሶ የቀበሌ ከሆነ ወዲህ ግን የሚቀባቸው ሽንት ብቻ ሆነ።

ከጠላ ቤት የወጣው፣ ከስብሰባ የተበተነው፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ጥላውን አይቶ እዚያ ሥር ሱሪውን ይፈታል። ክርፋቱ በሳንቃው ስንጥቅ ሽቅብ እየገባ የብርነሽን ምሳ ሳይቀር ይበክልባታል። እሱንስ በቻለችው። የግራው ምሰሶ እግር በስብሶ፣ ጣት ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር፤ ልክ ከሱ በላይ ደግሞ ትንሿ ልጇ ውባለም ትተኛለች።

ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ስብሐት ደጋግማ አመለከተች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ግን ቀለም ቀቢዎች መጥተው የበሰበሰውን እግር ቀይ ቀብተውላት ሄዱ። አመድ ነሰነሰች፣ እሾህ ከመረች፤ ወንዶቹ እሾሁን በእግራቸው ገፋ አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። ባሏ አድነው ከሷ ብሶ ይቆጣ ነበር። ራት በቀረበ ቁጥር «ያልሠለጠነ ሕዝብ!» እያለ ይራገማል።

አንድ እሑድ የቀበሌው ስብሰባ እንደተበተነ፣ የዕቃ እጣቢ በባልዲ ይዛ መስኮቱ ሥር አደፈጠች። ወዲያው ከታች ሲንፎለፎል ሰማች። አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ የአድነው መላጣ ነው። ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ እጣቢውን ለቀቀችበት።

አድነው ውሃው እየተንጠባጠበበት ወደ ላይ ወጣ። ሁሉም የሚያደርገውን ቢያደርግ ምን እንዳለበት፣ እሱ ብቻውን ቢተው ምን እንደሚለወጥ ጠየቃት።

«ደግሞስ ቤቱ የኛ ነው እንዴ? የመንግሥት ነው» አላት።

ብርነሽ አብራው በአንድ ትሪ መብላቷ፣ አንድ አልጋ መጋራቷ አስጠላት። የልጅቷን ፍራሽ ጎትታ ከራሷ አልጋ አጠገብ አደረገችው፤ የሱን ትራስና ብርድ ልብስ ወስዳ ከምሰሶው በላይ አነጠፈችው።

«እዚህ ላይ ሰው ይተኛል?» አለ፣ ሳንቃውን በእግሩ እየሞከረ።

«ልጅህ ስትተኛበት ከርማለች።»

በማግስቱ አድነው ሥራ አልገባም። ሸጎሌ ሄዶ የበሰበሰውን ምሰሶ የሚተካ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ መጣና ላቡን እየጠረገ ምስጋና ጠበቀ። ብርነሽ ግንዱንም እሱንም አየቻቸው። ለልጁ ዓመት ሙሉ የጠፋ ግንድ፣ ለሱ አንገት በአንድ ሌሊት ተገኘ።