መድኃኒት የገባበት ወንዝ

«ያን ካስማ የነካ እጁ ይቆረጥ!»

የእድሩ ዳኛ አቶ ሲሞን እንዳጎነበሱ ቀሩ። ሣልስቱ አልፏል፤ በደንቡ ድንኳኑ ዛሬ መነቀል ነበረበት። ለተብርሃን ግን ከምንጣፉ አልተነሣችም። ጥቁር ሻሿን ቅንድቧ ድረስ አውርዳ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ወንድሟን ሐዲስን የቀበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

«እትዬ ለተብርሃን፣ ደንብ ነው እኮ» አሉ አቶ ሲሞን። «ደግሞም አለቃ ፈንታው እያጣጣሩ ነው። ድንኳኑ ይፈለጋል።»

«አለቃ ሃያ ዓመት ሲያጣጥሩ ነው የኖሩት። አንድ ቀን ይታገሱኝ።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

«የቡናው እርሻ ሥራ አስኪያጅ ይምጣ። ፍሬአብ። እፊቴ ቆሞ ወንድሜን የገደለውን ነገር በስሙ ይጥራልኝ። ያን ጊዜ ትነቅላላችሁ።»

«የሐኪሙ ወረቀት ኩላሊት ነው የሚለው…»

«ወረቀቱን ማን ጠየቀው?»

ጥግ ላይ ንፍሮ የምታድለው ሴት ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለች። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ።»

«ሰማሁሽ» አለች ለተብርሃን። «የሞተው ወንድሜ ነው፤ ጆሮዬ አልሞተም።»

ሐዲስ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሠሪ ነበር። በቴፒና በጌጫ መካከል ቡና የሚያሰጣ ሁሉ ሐዲስ በመታው አልጋ ላይ ነው የሚያሰጣው። ሚስት አላገባም፤ ኩላሊቱ ሲነሣበት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋ ነበር። «ለቡና አልጋ ስሠራ ኖሬ፣ እኔ መተኛት አቃተኝ» ይላል። ይስቃል። እሷ ትሳደባለች። አርባ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ኖሩ።

ለተብርሃን የወንዙ ውሃ መርዝ እንደነበር የሰማችው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ከሚዛን የመጣች ህሊና የምትባል የውሃ ምርመራ ባለሙያ ለቅሶ ደርሳ ስታለቅስ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ የእርሻውን መጋዘን ግድግዳ ደርምሶ ነበር። ተባይ ማጥፊያ የሞላበት በርሜል ተሰንጥቆ ወደ ወንዙ ፈሰሰ። ህሊና መጥታ ውሃውን በጠርሙስ ቀዳች፣ የዳሩን አፈር በላስቲክ ቋጠረች፣ በነፋሱ የሚመጣውን ሽታ እንኳ ጻፈች። ለፍሬአብም «ውጤት አይጠበቅም፤ መርዝ ነው፣ አሁኑኑ አስነግር» አለችው።

ፍሬአብ ቃሉ አልጣመውም። እርሻው ላይ የአረሙም የተባዩም «መድኃኒት» ነው የሚባለው። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው በመንደሩ አዞረ፤ «ወንዙ ውስጥ መድኃኒት ገብቷል! ከብት አታጠጡ!»

መንደሩ ሰማ። ግማሹ ቤቱ ውስጥ ቤንችኛ የሚያወራ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመደ ነው። ግን በአማርኛ አፏን የፈታችው ለተብርሃንም የሰማችው ያንኑ ነው። ወንዙ መድኃኒት ሆኗል፤ በከብት እንዳይባክን! ሰው ጄሪካኑን ይዞ ወረደ። ቀምሰው ያስመለሳቸው «ሆዳችንን ጠረገልን» አሉ። እስከዛሬም ከአልጋቸው ሥር ደብቀው ያስቀመጡ አሉ። ህሊና በየቤቱ ብትለምን ማን ይስማት? መድኃኒታችንን ልትወስድብን ነው አሉ።

በማግስቱም ድንኳኑ አልተነቀለም። ድንኳን ተተክሎ ቡና መልቀም ነውር ነውና ለቃሚው ሁሉ ለቅሶ ቤት ተቀመጠ። የቀላው ቡና መሬት ላይ ይረግፍ ጀመር። እኩለ ቀን ላይ የፍሬአብ መኪና ደጃፉ ቆመ።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ እማማ» አለ ጎንበስ ብሎ።

«እማማህ አይደለሁም። ቁም።»

ቆመ። ጫማው ጭቃ ነክቶታል፤ ደጋግሞ ያየዋል።

«እኔ አስነግሬያለሁ» አለ። «ይኸው ሰው ሁሉ ምስክር ነው። ደግሞስ ውሃው ይሸት ነበር እኮ። እንዴት ጠጣው?»

ጎረቤቷ ማርዋ ክንዷን ልትይዛት እጇን ሰደደች፤ ለተብርሃን ገፋቻት።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት» አለች። «በዚህ እጄ ቀድቼ። ‹ይሸታል፣ እታለም› አለኝ። ‹መድኃኒት ነው፣ አፍንጫህን ይዘህ ዋጠው› አልኩት። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ እንደ ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ጠጣልኝ። ድገም አልኩት። ደገመ።»

እስከዛሬ ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር።

«የእኔን ኃጢአት እኔ አውቀዋለሁ። አንተ የአንተን በስሙ ጥራው።»

«ኬሚካል…»

«በአማርኛ!»

«ፀረ… ፀረ ተባይ…»

«እኔ ተባይ ነኝ? ሐዲስ ተባይ ነበር?»

ፍሬአብ አቶ ሲሞንን አየ። አቶ ሲሞን ጣሪያውን አዩ። ለቃሚዎቹን አየ፤ አንድም ዓይኑን የሰበረለት የለም።

«መርዝ ነው» አለ።

«ለእኔ አይደለም፣ ለመንደሩ ንገር። ያንን መለከትህን ያዝ። በመኪና አይደለም፣ በእግርህ። ደጃፍ ለደጃፍ!»

ወጣ። ህሊና ከጎኑ እየሄደች ምን እንደሚል ነገረችው። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከታች ሰፈር ተሰማ፤ «መርዝ ነው! መርዝ ነው የለቀቅነው! አትጠጡት፣ ደጅም አትድፉት፣ ከነጄሪካኑ አምጡልን!» አንዱ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ሰደበችው፤ ድምፁ ተሰበረ፣ ግን ቀጠለ። ሰው ቢጫ ቢጫ ጄሪካኑን እያንጠለጠለ ይወጣ ጀመር።

ለተብርሃን እስከ መጨረሻው ሰማችው። የሚያረካት መስሏት ነበር።

«በሉ ንቀሉት» አለች።

ገመዱ ተፈታ፤ ሸራው እየተንሸራተተ ወረደና ፀሐዩ ፊቷ ላይ መጣ። ማርዋ «ተነሺ እንግዲህ፣ ቤት እንግባ» አለቻት። ለተብርሃን ፍሬአብ የወረደበትን መንገድ እያየች፣ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለችና በቀኟ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።