ከበሩ ወዲያ

የገዳሙ ወጥ ቤት ኃላፊ የሆኑት እማሆይ ምላሳቸው እንደ ምላጭ ነው ይባላል። ሐሰት የለበትም። አንድ ረፋድ ላይ ባርኔጣ የደፋ ጎልማሳ ብቻውን መጥቶ «ትንሽ አረፍ ልል ነበር» ሲላቸው፣ ድንች የሞላ ሳፋና ቢላዋ አቀበሉት። እዚያ ቤት እንግዳ ማንነቱ አይጠየቅም፤ የሚበላውን ግን አብሮ ይሠራል።

«ኧረ ልጄ! ድንቹን ነው የምንበላው ወይስ ልጣጩን? ሳሳ አድርገው እንጂ!»

«እሺ እማሆይ፤ ከላጥኩ ዘመን ሆኖኛል።»

የእማሆይ ጆሮ ቆመ። ገዳሙ ቴሌቪዥን የለው፣ ጋዜጣ አይገባው፤ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ግን ዜና የማታስቀር አንዲት ሬዲዮ አለች። መልኩን አይተውት ባያውቁም ይህ ድምፅ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው!

አዲሱ አውራ ጎዳና የሚያልፈው ገዳሙ ያስጠጋቸው ጧሪ ያጡ አሮጊቶች የሚተኙበትን ክፍል አፍርሶ ነው፤ ግድግዳው ቀይ ምልክት ተቀብቷል። አቤት ሊሉ ወደዚህ ሰው ቢሮ ስንቴ ሄደው ጥበቃዎቹ ከደጅ መልሰዋቸዋል። አሁን በእግሩ መጥቶ ድንች ይልጣል!

የቤቱ ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ እንግዳ ምንም አይለመንም። እማሆይ አፋቸውን ዘግተው ዋሉ። እንዲህ የከበደ ጾም ጾመው አያውቁም።

ሰውየው በላ፤ ሳህኑን አጠበ፤ ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፉን ለጠጠ። ሊሄድ ሲነሳ «ማን ነህ ስላላላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ቆይ፣ ልሸኝህ» አሉ እማሆይ።

በሩን አለፍ እንዳሉ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በል ልጄ፣ አሁን እንግዳዬ አይደለህም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ነህ። እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ በልና ስማኝ። ያቺ ቀይ የተቀባች ክፍል ትታይሃለች?»

ሰውየው ክው አለ። ቢሆንም ተቀመጠ፣ እስከ መጨረሻውም ሰማቸው።

«ታዲያ እማሆይ፣ ውስጥ እያለን ለምን አልነገሩኝም? እምቢ የምልዎ መስሎዎት ነው?»

«እሺማ ትለኝ ነበር፤ እንጀራዬን በልተህ፣ ጥላዬ ሥር ተኝተህ! ግን እሱ ይሉኝታ ነው ልጄ። ይሉኝታ ደግሞ መኪናህ እስክትገባ ነው የሚቆየው። እኔ የምፈልገው ፍርድህን ነው።»

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«የመንገዱ መሐንዲስ ካርታውን ይዞ አሁኑኑ ይምጣ» አለ። «አይ፣ ቢሮ አይደለም፤ እዚህ ገዳሙ በር ላይ። እኔም እስኪመጣ ከዚህ አልነሳም።»